ጠጥቶ በማሽከርከር የተከሰሰ ሰው ለመጀመሪያው የችሎት ቀን ስለሚያደርገው ዝግጅት

ነጋዴ ጉዳዩን በወኪል መጨረስ የለመደ ሰው ነው። ዕቃው ቦሌ የጭነት ማስተናገጃ ሲደርስ ሰነዱን ለጉምሩክ አስተላላፊ ያስረክባል፤ ለግብር ሒሳብ ዐዋቂውን፣ ለባንክ ገንዘብ ያዡን ይልካል። ልማዱ ለንግድ ሥራ የሚስማማ ነው፤ የሚነቀፍበትም ምክንያት የለም። ነገር ግን በወንጀል የተከሰሰ ሰው በዚሁ ልማድ ተመርቶ የመጀመሪያውን የፍርድ ቤት ቀጠሮ እንደ ተራ ጉዳይ ቢቈጥረው፣ በራሱ ፈንታ ሰው ቢልክ፣ ወይም «የመጀመሪያው ቀን እኮ ቀጠሮ ተሰጥቶ የሚያሰናብቱበት ነው» ብሎ ባዶ እጁን ቢሄድ፣ በኋላ በብዙ ድካምና ወጪ እንኳ በቀላሉ የማይመለስ መብት ሊያመልጠው ይችላል። ተከሳሽ ራሱ በአካል መቅረብ አለበት። ሳይቀርብ ቢቀር ፍርድ ቤቱ ፖሊስ ይዞ እንዲያቀርበው ያዛል፤ በዋስ ተለቆ እንደ ሆነም የዋስትናው ገንዘብ ለመንግሥት ገቢ ሊሆን ይችላል።

ይህን ትምህርት በነጋዴዎች ጋዜጣ ላይ ማውጣት ለምን አስፈለገ የሚል አንባቢ ቢኖር፣ መልሱ ከቦሌ መንገድ ላይ ይገኛል። ወደ አውሮፓና ወደ ሩቅ ምሥራቅ የሚሄዱት አውሮፕላኖች አብዛኞቹ የሚነሡት በምሽትና በሌሊት ነው። ቡና ገዢ እንግዳ የመጣለት ላኪ ውል ከተፈራረመ በኋላ እራት ይጋብዛል፤ ጠጅ ወይም ውስኪ ይቀዳል፤ ከዚያም እንግዳውን በገዛ መኪናው ወደ ቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ያደርሳል። እንግዳውን ሸኝቶ ሲመለስ በአፍሪካ ጎዳና ወይም በቀለበት መንገዱ ላይ ትራፊክ ፖሊስ ያስቆመዋል። አዲስ አበባ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብሉምበርግ በሚረዳው ዓለም አቀፍ የመንገድ ደኅንነት ፕሮግራም ውስጥ ከታቀፉት ከተሞች አንዷ ናት፤ የትንፋሽ መመርመሪያ መሣሪያም ለከተማዋ አሽከርካሪ እንግዳ ነገር መሆኑ ቀርቷል። ስለዚህ «እኔ እንደ ሌላው ሰካራም አይደለሁም» የሚለው ክርክር መሣሪያው ከሚያሳየው ቍጥር ፊት አይቆምም።

በመጀመሪያ ሊታወቅ የሚገባው «መጀመሪያ መቅረብ» የሚባለው ነገር ሁለት ዓይነት መሆኑ ነው። ሰው ተይዞ በፖሊስ ጣቢያ ያደረ እንደ ሆነ፣ በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 እንደሚያዘው፣ ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ አግባብ ባለው ግምት የሚጠይቀው ጊዜ ሳይቈጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት መቅረብ አለበት። በዚያ ዕለት የሚጠየቀው ሰውየው ይታሰር ወይስ በዋስ ይለቀቅ የሚለው ብቻ ነው፤ ሰዎች «ጊዜ ቀጠሮ» የሚሉት ይህን ነው። ጥፋተኛ ነህ አይደለህም የሚል ጥያቄ በዚያ ቀን አይነሣም። ሁለተኛው ዓይነት ዐቃቤ ሕግ ክሱን ጽፎ ካቀረበ በኋላ የሚመጣው ቀን ነው፤ ክሱ ይነበባል፣ ተከሳሹም የእምነት ክሕደት ቃሉን ይሰጣል። ሁለቱን ያላስተዋለ ሰው በጊዜ ቀጠሮው ላይ ስለ ፍሬ ነገሩ ብዙ ይለፈልፋል፤ መናገር በሚገባው ቀን ግን ዝም ይላል።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ የትኛው ፍርድ ቤት ነው የሚለው ነው። በማንም ላይ ጉዳት ሳይደርስ የትራፊክ ደንብን ብቻ ተላልፎ የተገኘ ሰው በደንቡ የተወሰነውን የገንዘብ መቀጮና በመንጃ ፈቃዱ ላይ የሚመጣውን ቅጣት ይጋፈጣል። የከተማውን ቻርተር ያወጣው የ1995 ዓ.ም. አዋጅ ቍጥር 361 በአዲስ አበባ የደንብ መተላለፍ ጉዳዮችን ለከተማው ፍርድ ቤቶች ሰጥቷል። ሰው የቈሰለ ወይም የሞተ እንደ ሆነ ግን ነገሩ የወንጀል ሕግ ጉዳይ ይሆንና ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ይሄዳል። የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት በየአካባቢው ምድብ ችሎቶች አሉት፤ ቦሌም ምድብ ችሎት አለው። መጥሪያው የደረሰው ሰው የችሎቱን ስምና ቍጥር፣ የመዝገቡን ቍጥር፣ ቀኑንና ሰዓቱን ከመጥሪያው ላይ ገልብጦ መያዝ ይገባዋል። የከተማውን ፍርድ ቤት ከፌዴራሉ አምታቶ በተሳሳተው ደጅ ላይ ግማሽ ቀን የቆመ ሰው፣ በትክክለኛው ችሎት መዝገብ ላይ «አልቀረበም» ተብሎ ይጻፍበታል።

ክሱ ከባድ ወይም ቀላል መሆኑን የሚወስነው ምን ደረሰ የሚለው ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣውና ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን በሦስት ደረጃ ይከፍለዋል። ተራው ቸልተኝነት ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ቀላል እሥራት ወይም መቀጮ ያስከትላል። የሰውን ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ወይም ሌላ ግዴታ ባለበት ሰው ላይ፣ አሽከርካሪንም በመሰለው ላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ይደርሳል። በመጠጥ ወይም በአደንዛዥ ዕፅ ራሱን ኀላፊነት ወደማይሰማው ሁኔታ ያገባ ሰው ግን በሦስተኛው ደረጃ ይገባና ከ5 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት ይቀጣል። እንግዲህ አንባቢ ልዩነቱን ይመልከት፤ አደጋው አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ መጠጡ ቀላሉን እሥራት ወደ ጽኑ እሥራት አሻገረው። «ሰክሬ ስለ ነበር አላወቅሁም» የሚለው ቃል በብዙ ሰው ዘንድ እንደ ማቃለያ ይታሰባል፤ በሕጉ ዘንድ ግን ማክበጃ ነው። ይህን ቃል ለፖሊስም ሆነ ለዳኛ ሳያስብ የሚናገር ሰው በራሱ ላይ የመሰከረ ያህል ነው።

ስለዚህ ከፖሊስ ዘንድ የተሰጠው ቃል ምን እንደ ሆነ ከሁሉ አስቀድሞ መመርመር ያስፈልጋል። የተያዘ ሰው ላለመናገር መብት አለው፤ የሚናገረውም በማስረጃነት ሊቀርብበት እንደሚችል ሊነገረው ይገባል። ቃሉን ከሰጠም ከመፈረሙ በፊት ማንበብ፣ ማንበብ የማይችል ከሆነ እንዲነበብለት መጠየቅ ይችላል። ቸኩሎ የፈረመ ሰው ለጠበቃው ምን እንዳለ በትክክል ካልነገረው፣ ጠበቃው በችሎት አንድ ነገር ሲከራከር ዐቃቤ ሕጉ ሌላ ወረቀት ያወጣበታል። ለጠበቃ እውነቱን መሸሸግ ለሒሳብ መርማሪ ሁለት መዝገብ እንደ ማሳየት ነው።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንምጣ፤ ዝግጅት ማለት ከሞላ ጐደል ወረቀት ነውና። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ተከሳሹ የክሱን ዝርዝር አውቆ ክሱን በጽሑፍ የማግኘት፣ የቀረበበትንም ማስረጃ የመመልከት መብት ሰጥቶታል። ክሱ እጁ ከገባ በኋላ ብዕር ይዞ መቀመጥ ይገባል። የተጠቀሰው የትኛው ሕግና የትኛው አንቀጽ ነው? የትራፊክ መቆጣጠሪያው ደንብ በ2003 ዓ.ም. በቍጥር 208 ወጥቶ ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏል፤ ስለዚህ ድርጊቱ ተፈጸመ በተባለበት ቀን ይሠራ የነበረው የትኛው እንደ ሆነ፣ የአልኮሉም ወሰን በዚያ ደንብ ስንት እንደ ሆነ ከነጋሪት ጋዜጣው ላይ ማየት የጠበቃው የመጀመሪያ ሥራ ነው። ወሰኑ በየአገሩ ይለያያል። ኖርዌይ በ1936 እ.ኤ.አ. በ100 ሚሊ ሊትር ደም 50 ሚሊ ግራም አልኮል ብላ ስትደነግግ፣ ብሪታንያ ደግሞ በ1967 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ 80 ሚሊ ግራም አለች። እንግዳ ሸኝቶ የተያዘ ነጋዴ «በለንደን ይህ አይከለከልም» ቢል ለአዲስ አበባ ዳኛ ምንም አይጠቅመውም።

ከወረቀቶቹ ሁሉ በላይ መመርመር የሚገባው የትንፋሽ ምርመራው ውጤት ነው። በዚህ ላይ ጥቂት መዘግየታችን ያለ ምክንያት አይደለም፤ ብዙ ሰው «ማሽኑ ነው ያለው» ብሎ የሚያልፈው ነገር ውስጥ ለእውነት የሚጠቅም ብዙ አለና። አፍ ውስጥ የቀረ መጠጥ መሣሪያውን ከእውነተኛው መጠን በላይ ሊያስነብበው ስለሚችል፣ ከመጨረሻው ጉንጭ እስከ ምርመራው 15 ደቂቃ ያህል እንዲቈይ በብዙ አገር የታወቀ አሠራር ነው። ሰውነት ደግሞ አልኮልን የሚያስወግደው በዝግታ ነው፤ በሰዓት በ100 ሚሊ ሊትር ደም ከ10 እስከ 20 ሚሊ ግራም ያህል። ቡና መጠጣትም ሆነ ፊትን በቀዝቃዛ ውሃ መታጠብ ይህን አያፋጥነውም። ስለዚህ ሦስት ሰዓቶች በትክክል መታወቅ አለባቸው፤ መጨረሻ የተጠጣበት፣ መኪናው የቆመበትና ምርመራው የተደረገበት።

እዚህ ላይ የእኛን አገር የሚመለከት አንድ ልዩ ነገር አለ። ፖሊሱ በሪፖርቱ ላይ የሚጽፈው በኢትዮጵያ ሰዓትና በኢትዮጵያ ቀን ሊሆን ይችላል፤ መሣሪያው ግን በአውሮፓ አቆጣጠር የተሞላ ከሆነ ሌላ ያትማል። በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት 4 ምሽት እራት በልቶ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ላይ የተያዘ ሰው ቢኖር፣ በእኛ ልማድ ሌሊቱ የጥቅምት 4 ሌሊት ነው፤ ቀን የሚለወጠው ሲነጋ ነውና። መሣሪያው ግን እኩለ ሌሊትን ስላለፈ ኦክቶበር 15፣ ሰዓቱንም 00፡30 ብሎ ይጽፋል፤ ኦክቶበር 15 ደግሞ ጥቅምት 5 ነው። ሁለቱን ያላስማማ ሰው ወይ የራሱ ያልሆነ ውጤት ቀረበብኝ ብሎ በከንቱ ይከራከራል፣ ወይም በእርግጥ የሌላ ሰው ውጤት ከመዝገቡ ጋር ተያይዞ ቢገኝ ሳያስተውለው ያልፋል። የአውሮፕላን ቲኬትና የመሳፈሪያ ወረቀት የአውሮፓ ሰዓት ስላላቸው የሸኘውን እንግዳ የበረራ ሰዓት ማወቅ ለማስማማቱ ይረዳል። የምግብ ቤቱ ደረሰኝም የታተመበት ሰዓት ካለው መያዝ ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ይታሰብ፤ ደረሰኙ ላይ የተጠጣውም ተዘርዝሯል። ይህን ወረቀት ለፍርድ ቤት ማቅረብ ይጠቅማል ወይስ ይጐዳል የሚለውን ጠበቃው ይወስን።

ጠበቃ ሲባል፣ በፌዴራል ፍርድ ቤት ለመከራከር ፈቃድ ያለው መሆኑን ማረጋገጥና የአገልግሎቱን ውል በጽሑፍ ማድረግ ያስፈልጋል። የመክፈል ዐቅም ለሌለውና ያለ ጠበቃ ፍትሕ ሊጓደልበት ለሚችል ተከሳሽ መንግሥት ተከላካይ ጠበቃ እንዲያቆምለት ሕገ መንግሥቱ ያዛል፤ ይህ በተለይ የነጋዴው ተቀጣሪ የሆኑትን ሾፌሮች ይመለከታል። ጠበቃ ለመፈለግ ጊዜ ያልበቃው ሰውም በመጀመሪያው ቀን ቀርቦ አጭር ቀጠሮ እንዲሰጠው ፍርድ ቤቱን መለመን ይችላል።

በክሱ ቀን በችሎት የሚሆነው ቅደም ተከተል በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ የደነገገው ነው። የተከሳሹ ማንነት፣ ስሙ፣ ዕድሜው፣ ሥራውና አድራሻው ይጠየቃል፤ ክሱ ይነበብለታል። ከዚያም መቃወሚያ እንዳለው ይጠየቃል። መቃወሚያ ማለት ወደ ፍሬ ነገሩ ሳይገቡ «ይህ ፍርድ ቤት ሥልጣን የለውም፣ ክሱ ግልጽ አይደለም፣ በዚህ ነገር ቀድሞ ተፈርዶብኛል» የሚለው ዓይነት ነው፤ ቦታውም እዚያው ነው። ባዶ እጁን የመጣ ሰው የሚያጣው መብት ካልን አንዱ ይህ ነው፤ «የለኝም» ብሎ ካለፈ በኋላ ሊያነሣ ቢሞክር ጊዜው አልፏል ሊባል ይችላል።

የእምነት ክሕደቱ ጥያቄ ሲመጣ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። «አዎን፣ ጠጥቼ ነበር፤ ግን ሰውየው ራሱ ነው ዘሎ የገባብኝ» የሚል ተከሳሽ አምኗል ወይስ ክዷል? በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 133 መሠረት በገደብ ያመነ ሰው እንደ ካደ ይቈጠራል፤ ዝም ያለም እንዲሁ። በአንቀጽ 134 ደግሞ ክሱን ሙሉ በሙሉ፣ ያለ ገደብ ያመነ ሰው ወዲያው ጥፋተኛ ሊባል ይችላል። እንግዲህ «ጥፋተኛ ነኝ» ማለት የጨዋነት ቃል ሳይሆን በክሱ ውስጥ የተጻፈውን እያንዳንዱን ነገር መቀበል ነው። ድርጊቱ በእርግጥ የተፈጸመና ማስረጃው የጠና ከሆነ አምኖ ምሕረትን መጠየቅ ክብርም ጥቅምም አለው። የወንጀል ሕጉ በአንቀጽ 82 ከልብ የተጸጸተን፣ ተጎጂውን የረዳን፣ ጥፋቱን ያመነንና ጉዳቱን በተቻለው መጠን የካሰን ሰው ቅጣት ያቀልለታል። ነገር ግን ከነፍሰ ጡር ሴት ጋር ወደ ሆስፒታል ሲበር የተያዘ ሰውና ከመሸታ ቤት ሲወጣ አጥር የገጨ ሰው የሚሰጡት መልስ አንድ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ መልሱ ከችሎቱ ቀን በፊት ከጠበቃ ጋር ታስቦ ቢጻፍ፣ ችሎት ላይም በአጭሩ ቢነገር ይሻላል።

ተጎጂውን ወደ ሆስፒታል የወሰደ፣ የሕክምናውን የከፈለ ሰው ደረሰኙን ይያዝ። ሽማግሌ ልኮ የተጎጂውን ቤተ ሰብ ማስታረቅም ያገራችን መልካም ባህል ነው፤ የዕርቁ ስምምነት በጽሑፍ ሆኖ ለፍርድ ቤት ቢቀርብ ቅጣቱን ለማቅለል ሊረዳ ይችላል፤ የሞት ጉዳይን ግን ከፍርድ ቤት አያስወጣውም። ከዚህ ጋር አደገኛ የሆነ ነገር አለ። ተጎጂው ምስክር ነው፤ አደጋውን ያየው ጐረቤቱም ምስክር ነው። ተከሳሹ ራሱ ገንዘብ ይዞ ወደ እነዚህ ሰዎች ቢመላለስ ምስክር ሊያባብል ነው ተብሎ ሊጠረጠር ይችላል፤ በምስክር ላይ ጫና ማድረግ ደግሞ ዋስትና ከሚከለከልባቸው ምክንያቶች አንዱ ነው። ሽማግሌዎቹ ይሂዱ፤ ተከሳሹ ይራቅ። «ነገሩን በውስጥ እጨርስልሃለሁ» እያለ በፍርድ ቤት ደጅ የሚዞረውን ሰው በሚመለከት ግን አንድ ቃል ይበቃል፤ እርሱ የሚሸጠው ሌላ ወንጀል ነው።

ስለ ዋስ ስንናገር ነጋዴ ነጋዴነቱ የሚጠቅመውም የሚጐዳውም በዚህ ላይ ነው። በልማድ የሚቀርበው የገንዘብ ዋስ፣ ደመወዙን የሚገልጽ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ያለው የሰው ዋስ፣ ወይም የቤት ካርታና የመኪና ሊብሬ ነው። ዋስ የሚሆነውን ዘመድ አስቀድሞ ማነጋገርና ሰነዱን ማዘጋጀት አንድ ሌሊት በጣቢያ ከማደር ያድናል። የማኅበሩን ገንዘብ ለግል ዋስትና ማውጣት ግን አይገባም፤ ሸሪኮች ነገ ሲጠይቁ መልስ የለውም። ሰው በሞተበት፣ መጠጥም አለበት በተባለ ክስ የቅጣቱ ጣሪያ 15 ዓመት ስለሚደርስ ዋስትና ሊነፈግ እንደሚችል ማወቅ ያስፈልጋል፤ ተጎጂው በሆስፒታል ሆኖ ሕይወቱ የሚያሰጋ እንደ ሆነም እንዲሁ። ነጋዴ ሊዘነጋው የማይገባው ሌላው ነገር ጉዞ ነው። ዳኛው ተከሳሹ ከአገር እንዳይወጣ ካዘዘ ትእዛዙ ቦሌ ላይ ይጠብቀዋል፤ ለጓንጁ ገበያ ተዘጋጅቶ ሻንጣውን ካስረከበ በኋላ ከመተላለፊያው ቢመለስ ኪሣራው ከቲኬቱ በላይ ነው። ዕገዳ ባይኖርም ቀጠሮው ከጉዞው ይቀድማል። ጉዞው የማይቀር ከሆነ ቪዛውንና ቲኬቱን አያይዞ ቀጠሮው እንዲለወጥ ከቀኑ በፊት በጽሑፍ ማመልከት ነው፤ ከተመለሱ በኋላ ይቅርታ መጠየቅ ዋጋው ትንሽ ነው።

የወንጀሉ ክስ ለነጋዴው የነገሩ አንድ ወገን ብቻ መሆኑ መታወቅ አለበት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት፣ መኪናውን እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ሰው ነድቶት እንኳ ቢሆን፣ ኀላፊ ነው ይላል። የአስመጪው የጭነት መኪና በሾፌሩ ስካር ሰው ቢገጭ ሾፌሩ በወንጀል ሲከሰስ ባለቤቱ በካሣ ይጠየቃል። በወንጀሉ ነጻ መውጣትም የካሣውን ክርክር አይዘጋውም፤ የፍትሐ ብሔሩ ዳኛ በዚያ ፍርድ አይገደድምና። ስለዚህ ተከሳሹ በመጀመሪያው ቀን የሚናገረው ቃል በሌላው ፍርድ ቤት እንዴት እንደሚነበብ ማሰብ ያስፈልጋል። የሦስተኛ ወገን መድን በ2005 ዓ.ም. አዋጅ ቍጥር 799 መሠረት ግዴታ ነው፤ ይሁን እንጂ በብዙ የመድን ውሎች ላይ አሽከርካሪው ሰክሮ የተገኘ እንደ ሆነ ለገዛ መኪናው የሚገባው ክፍያ እንደሚቀር ተጽፏል። አደጋው እንደ ደረሰ ለመድን ኩባንያው በጽሑፍ ማስታወቅ፣ ኩባንያው ሳያውቅም ለተጎጂው ወገን የዕዳ እምነት አለመፈረም ከውሉ የሚመጣ ግዴታ ነውና ውሉን አውጥቶ ማንበብ ይገባል።

ተከሳሹ ራሱ ባለቤቱ ሳይሆን ሾፌሩ ሲሆን በመሥሪያ ቤቱ ዘንድ የሚቈጠር ቀን አለ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156 ከ30 ቀን የማይበልጥ እሥራት፣ አሠሪው በ10 ቀን ውስጥ እንዲያውቅ ከተደረገ ወይም ማወቅ የሚገባው ከሆነ፣ የሥራ ውሉን ለጊዜው ያግዳል እንጂ አያቋርጠውም ይላል። በጣቢያ ያለው ሾፌር ጽፎ መላክ ስለማይችል የቤተ ሰቡ አባል የያዘውን ጣቢያ፣ የተያዘበትን ቀንና የቀጠሮውን ቀን የሚገልጽ አጭር ደብዳቤ ለድርጅቱ ጽሕፈት ቤት አስገብቶ ቅጂውን ማኅተም አስመትቶ ይመለስ። ደብዳቤውን የሚቀበለው ጸሐፊ ወይም የግቢ ኀላፊ ምን ማድረግ እንዳለበት አስቀድሞ ቢነገረው ለሁለቱም ወገን ይበጃል፤ «ጋሼ የሉም፣ ነገ ተመለሺ» እየተባለ አሥሩ ቀን ያለቀባት የሾፌር ሚስት ማንን ትከሳለች?